የመበለቶች መርፌ



በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ስለ ጣቢታ የተጻፈውን ታሪክ ያልሰማ ከመካከላችን ጥቂት ነው። በኢዮጴ ትኖር የነበረች፣ ለመልካም ሥራ የተጋች፣ ልብስ እየሰፋች ድኾችን የምትረዳ አንዲት ደቀ መዝሙር ታማ ሞተች። በልዳ ወደ ነበረው ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ሰዎች ተላኩ፤ መጣ፤ ጸለየ፤ ጣቢታም ተነሣች። ይህን ክፍል በሰበክን ቁጥር ወደ ተአምሩ እንቸኩላለን። ከተአምሩ አስቀድሞ የሆነውን ግን ቆም ብለን አንመለከትም። ጴጥሮስ ወደ ሰገነቱ በወጣ ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ከበቡት፤ ጣቢታ ከእነርሱ ጋር ሳለች የሠራቻቸውን ቀሚሶችና ልብሶችም አሳዩት።

ለምን አሳዩት? ሐዋርያው ልብስ ሊገዛ አልመጣም። መበለቶቹ ደጋፊና ተሟጋች የሌላቸው ሴቶች ነበሩ። ኀዘናቸውን የሚያስረዱበት ቃል ባጡ ጊዜ ጨርቁን ዘረጉለት፤ ስፌቱ ስለ ሟቿም ስለ እነርሱም መሰከረ። ጴጥሮስም «ይህን ተዉት፤ ወደ ጉዳዩ እንግባ» አላላቸውም። አስቀድሞ ጨርቁን አየ፤ ተንበርክኮ የጸለየው ከዚያ በኋላ ነው።

ኪነ ጥበብ ማኅበረሰብን ሊያጠነክርና የሕዝብን ኑሮ ሊለውጥ ይችላልን? የሚለው ጥያቄ በየስብሰባችን ይነሣል። ብዙውን ጊዜ የምንሰጠው መልስ «አዎን፤ መዝሙርና ድራማ ለወጣቱ ጥሩ ማስተማሪያ ነው» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። በዚህ መልስ ውስጥ እኛ አስተማሪዎች፣ ሕዝቡ ተመልካች ሆነን እንቀራለን። የኢዮጴ መበለቶች ግን ተመልካቾች አልነበሩም። የእነርሱን ፈለግ በዘመናችን የተከተሉ ሴቶች አሉና ስለ እነርሱ በሰፊው እንነጋገር። ሀገራቸው ከእኛ እጅግ የራቀች፣ በደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የምትገኘው ቺሊ ናት። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሴፕቴምበር 11 ቀን 1973 በጄኔራል አውጉስቶ ፒኖቼ የተመራ የጦር ኃይል በምርጫ ሥልጣን የያዙትን የፕሬዚዳንት ሳልቫዶር አዬንዴን መንግሥት ገለበጠ። በተከተሉት ዓመታት ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎች መገደላቸውን ወይም ደብዛቸው መጥፋቱን በኋላ የተቋቋሙ የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽኖች አረጋግጠዋል። ከእነዚህም ከ1,000 የሚበልጡት ተይዘው ከተወሰዱ በኋላ የት እንደ ደረሱ ያልታወቀ ናቸው። መንግሥት መያዛቸውን ይክድ ነበር። ይህም ብቻ አይደለም፤ በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ፊት ከጠፉት መካከል አንዳንዶቹ ጭራሽ በሕጋዊ መዝገብ የሌሉ ሰዎች ናቸው እስከ ማለት ተደረሰ። እናት የወለደችውን ልጅ «አልተወለደም» የሚል መልስ ሰማች ማለት ነው።

በዚያው በ1973 ኦክቶበር ወር የካቶሊክ፣ የሉተራንና የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ከአይሁድ ማኅበረሰብ ጋር ተባብረው የሰላም ኮሚቴ መሠረቱ። የታሳሪ ቤተሰቦች በዚህ ኮሚቴ በር ተሰለፉ። ሴቶቹ ከእስር ቤት ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ሬሳ ማቆያ ሲንከራተቱ የከረሙ ነበሩ። ባሎቻቸው ወይም ልጆቻቸው በመወሰዳቸው ገቢያቸው ተቋርጧል፤ ጎረቤት ፈርቶ ይሸሻቸዋል። በ1974 ኮሚቴው እነዚህን ሴቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ የእጅ ሥራ አስጀመራቸው። የቀረበላቸው ነገር ቢቆጠር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የዱቄት ጆንያ፣ መርፌ፣ ክር፣ እራፊ ጨርቅ።

ሴቶቹ በጆንያው ላይ እራፊውን እየቆረጡና እየለጠፉ ስፌት የሆነ ሥዕል ሠሩ። በሀገሩ ቋንቋ ጆንያው «አርፒዬራ» ስለሚባል ሥራውም በዚሁ ስም ታወቀ። በላይኛው በኩል የአንዲስ ተራራና ፀሐይ አሉ፤ ከሥር ትንንሽ ቤቶች፣ ከጨርቅ የተሠሩ ትንንሽ ሰዎች። ከሩቅ ላየው የልጆች መጫወቻ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ያየ ግን በእስር ቤት ደጃፍ የተሰለፉ ሴቶችን፣ ሥራ አጦች ተሰብስበው የሚያበስሉበትን የጋራ ድስት፣ በማዕድ ዙሪያ ባዶ የቀረ ወንበርን፣ «የት ናቸው?» የሚል ጽሑፍ የያዙ እናቶችን ያገኛል። አንዳንዶቹ የጠፋውን ልጃቸውን ሸሚዝ ቆርጠው የአሻንጉሊቱን ልብስ ሠርተውበታል። በብዙዎቹ ጀርባ ትንሽ ኪስ ነበረች፤ በእርሷም ውስጥ የሥዕሉን ትርጕም የሚገልጽ ብጣሽ ወረቀት ይከተት ነበር። የሠሪዋ ስም ግን አይጻፍም።

የሰላም ኮሚቴው በጄኔራሉ ግፊት በ1975 መጨረሻ ተዘጋ። የሳንቲያጎው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ራውል ሲልቫ ኤንሪኬዝ ግን በጃንዋሪ 1 ቀን 1976 «የመደጋገፍ ቪካሪያ» የተባለውን ጽሕፈት ቤት አቋቋሙ። ይህ መሥሪያ ቤት በራሱ በሀገረ ስብከቱ ሥር የተደራጀ፣ በካቴድራሉ አጠገብ የተቀመጠ ስለ ነበር እርሱን ለመዝጋት የሚነሣ ቤተክርስቲያንን ራሷን መንካት ነበረበት። ጽሕፈት ቤቱ ጠበቆችን አሰማርቶ የጠፉትን ሰዎች ጉዳይ ይከታተል ነበር፤ ከዚሁ ጎን ለጎን የሴቶቹን ሥራ እየገዛ ወደ ውጭ ሀገር ይልክ ነበር። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጆንያ በቺሊ ጋዜጦች ሊታተም ያልቻለውን ነገር ተናገረ። ለመንግሥት ያደሩ ጋዜጦች ሀገር አሰዳቢ ብለው አወገዙት፤ በጉምሩክ የተያዘም ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1978 የሰብአዊ መብት ሽልማቱን ከሰጣቸው አንዱ ይህ ጽሕፈት ቤት ነው።

በዚያን ጊዜ ካርዲናሉን «ፖለቲካ ገቡ» ብለው የነቀፉ ካቶሊካውያን መኖራቸውን መደበቅ አይገባንም። ገዢው ጽሕፈት ቤት እየመረጠ ይገዛ ስለ ነበር፣ የገዢው ምርጫ በሠሪዎቹ እጅ ላይ ጫና እንዳሳደረም የዘመኑን ታሪክ ያጠኑ ጽፈዋል። የተቸገረ ሰው የሚሠራው ጥበብና እንጀራው ሲያያዙ ይህ ፈተና አይቀርም፤ ከክፋት ሳይሆን ከችግር የሚመጣ ነውና በቸልታ ሊታለፍ አይገባም።

የጠረጴዛው ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥብናል። ሴቶቹ በየሳምንቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሰፉ ተወያይተው ይወስኑ ነበር፤ አንዷ የሌላዋን ሥራ ታያለች፣ ታርማለች። ከሽያጩ ጥቂት ለጋራ መረዳጃ ይቀመጣል። የሥራ አጥ ሚስቶች የሆኑ፣ ስለ ጠፉት ሰዎች ምንም ያልሰሙ ሌሎች ሴቶችም ለእለት ጉርስ ሲሉ ተመሳሳይ ቡድኖችን ተቀላቀሉ፤ በስፌት መካከል በሚነሣው ወግ የሀገራቸውን ሁኔታ ተረዱ። ከቤቷ ወጥታ የማታውቅ ሴት በአደባባይ ሰልፍ የወጣችው ከዚህ ጠረጴዛ ተነሥታ ነው። መርፌ እጅን ይይዛል፣ አፍን ግን ነፃ ያደርጋል፤ ጥጥ ሲፈትሉ ያደጉ እናቶቻችን ይህን እኛ ሳንነግራቸው ያውቁታል።

በ1978 መገባደጃ በሎንኬን መንደር ከኖራ ማቃጠያ ምድጃ ውስጥ የ15 ሰዎች አጽም ተገኘ። በ1973 የተወሰዱ ገበሬዎችና ወጣቶች ነበሩ። «የሉም» የተባሉት ሰዎች እንደ ነበሩ አጽማቸው መሰከረ። የሎንኬን ምድጃ ወዲያው በጆንያ ላይ ተሰፋ። ምድጃው ራሱ በ1980 በፈንጂ እንዲፈርስ ተደርጓል፤ የጨርቁ ምድጃ ግን ቀርቷል።

በ1978 በማርች 8 ቀን ከእነዚሁ ቤተሰቦች የተውጣጡ ሴቶች በሳንቲያጎ በአንድ ትልቅ ቲያትር ቤት መድረክ ላይ ወጡ። ኩዌካ የተባለው የሀገሩ ባህላዊ ጭፈራ ወንድና ሴት መሐረብ እያወዛወዙ ጥንድ ሆነው የሚጫወቱት ነው። እነዚህ ሴቶች ግን ለብቻቸው ጨፈሩት። የጠፋው ሰው ፎቶግራፍ በደረታቸው ላይ አለ፤ ሰውየው ሊቆምበት የሚገባው ስፍራ ግን ባዶ ነው። ንግግር ማድረግ አላስፈለጋቸውም።

ጥልፍና ጭፈራ ጨቋኝ መንግሥት ጣለ ብንል ውሸት ይሆንብናል። በኦክቶበር 5 ቀን 1988 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 56 በመቶ ያህሉ የፒኖቼን ሥልጣን መራዘም የተቃወመው በብዙ ምክንያት ነው፤ የሠራተኛ ማኅበራት፣ የፓርቲዎች፣ የኑሮ ውድነት፣ የውጭ ግፊት ሁሉ ድርሻ ነበራቸው። ሴቶቹ ያደረጉት ሌላ ነው። እውነቱ እንዳይሞት ጠበቁት፤ ለየብቻቸው የተሰበሩት ሰዎችም ተያይዘው እንዲቆሙ አደረጉ። ጽሕፈት ቤቱ በ1992 መጨረሻ ሥራውን አቆመ። አርፒዬራዎቹ በ2010 በሳንቲያጎ በተከፈተው የመታሰቢያና የሰብአዊ መብት ሙዚየም ይታያሉ። የቺሊ መንግሥት የጠፉትን የመፈለጊያ ብሔራዊ ዕቅድ ያወጣው በ2023 ነው፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ። ከእናቶቹ ብዙዎቹ መልሱን ሳይሰሙ አርፈዋል።

ይህ ታሪክ ለእኛ የባዕድ ታሪክ አይሆንም። በቀይ ሽብር ዘመን ልጇ በደጇ ተገድሎ እንዳታለቅስ የተከለከለች እናት በሀገራችን ነበረች። ሙሾ በሚያወርድ፣ ለሟች ግጥም በሚደረድር ሕዝብ ላይ ልቅሶን መከልከል ምን ያህል ቅጣት እንደ ሆነ ለማንም አይነገርም። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የሰማዕታቱ መታሰቢያ ሙዚየም የተከፈተው በ2010 ነው። ከዚያም ወዲህ ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት፣ በሌሎችም የሀገራችን ክፍሎች በተነሡ ግጭቶች፣ የልጃቸውን ወሬ ሲጠብቁ የቀሩ እናቶች በየቁምስናችን በመቅደሱ ወለል ላይ ተቀምጠው ቅዳሴ ያስቀድሳሉ። ከቅዳሴ በኋላ እጅ ነሥተናቸው እንሄዳለን።

እዚህ ላይ ራሳችንን እንጠይቅ። የቁምስና ድራማ በምናሠራበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ መጨረሻውን አስቀድመን እንጽፈዋለን። ሰካራሙ በአራተኛው ትዕይንት ንስሐ ይገባል፤ ሚስቱ ይቅር ትላለች፤ መዘምራኑ ይገባሉ፤ ሁላችንም እናጨበጭባለን። እውነተኛው ሰካራም ግን ከአዳራሹ ውጭ ነው፤ ሚስቱም ከተመልካቾቹ መካከል ሆና የእርሷ ታሪክ እንዲህ እንዳላለቀ ታውቃለች። እርሷን ማን ጠየቃት? ደናግል በሚያስተዳድሯቸው የስፌት ማሠልጠኛዎችም ልጆቻችን የመሠዊያ ጨርቅ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ አበባና መስቀል እጅግ በሚያስደንቅ ጥራት ይጠልፋሉ። ይህን አናቃልልም፤ ለእግዚአብሔር ቤት የሚገባ ክብር ነው። ነገር ግን ያቺው ወጣት በራሷ ቤት ያየችውን በመርፌዋ እንድትናገር አንድ ክረምት እንኳ ዕድል ሰጥተናት እናውቃለን?

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ሲፈጸም በዲሴምበር 8 ቀን 1965 ለጥበብ ሰዎች የተለየ መልእክት አስተላልፏል፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1999 የትንሣኤ በዓል ዕለት ደብዳቤ ጽፈውላቸዋል። እኛ ግን እነዚህን መልእክቶች በሮም ላሉ ታላላቅ ሠዓልያን ብቻ የተጻፉ አድርገን አስቀመጥናቸው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 35 ግን ለመገናኛው ድንኳን በእጃቸው ፈትለው ያመጡት ጥበበኛ ልብ ያላቸው ሴቶች ከባስልኤል ጋር በአንድ ስፍራ ተቆጥረዋል።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ከእሑድ በቀር ተዘግተው የሚውሉ አዳራሾች አሉን፤ ቁልፋቸው በእጃችን ነው። ከሳምንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ይከፈቱ። ረጅም ጠረጴዛ ይቅረብ፤ ጆንያ፣ መርፌ፣ ክር፣ እራፊ ይዘጋጅ። ኀዘን ያለባቸው እናቶች በመጀመሪያ ይጠሩ፤ የየትኛው ብሔር ወይም የየትኛው ሃይማኖት ልጆች እንደ ሆኑ አይጠየቁ፤ ሎሚ ሻይ አፍልቶ የሚያቀርብ አንድ ሰው ይኑር። ምን እንደሚሰፉ ግን አንንገራቸው። ስማቸውን መግለጽ ካልፈለጉም አናስገድዳቸው፤ ሥራቸው ፎቶግራፍ ተነሥቶ ያለ ፈቃዳቸው በእኛ መጽሔት አይውጣ። ሥራው ባለቀ ጊዜም ቆሞሱ፣ የሰበካው ምክር ቤት አባላትና እኛም ጭምር፣ ጴጥሮስ ወደ ሰገነቱ እንደ ወጣ ወጥተን፣ ከመናገራችን በፊት ጨርቁን እንይላቸው።