የመዝገቡ ብዕር

አየር ጤና በሚገኘው ቢሯችን ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ሳምንት የሰርቨሩን ዋና የይለፍ ቃል ጠየቅሁ። ጉዳዬ ትንሽ ነበር። የድረ ገጻችን የደኅንነት ሰርተፍኬት በየ90 ቀኑ ይታደሳል፤ ለዚያ የኢንተርኔት ስሞችን ከአድራሻቸው ጋር በሚያዛምደው የዲኤንኤስ መዝገባችን ላይ አንዲት የማረጋገጫ መስመር መጻፍ አለብኝ። ሰርቨሩን የሚጠብቁት ጋሼ አልከለከሉኝም፣ አልሰጡኝምም። "እስቲ ቁጭ በል ልጄ" አሉና ይህን ነገሩኝ።

"ወይራ ሰፈር አንድ እድር ነበረ። ጸሐፊው ትልቅ መዝገብ ይይዛል፤ በግራ የአባሉ ስም፣ በቀኝ የቤቱ ቁጥር። ሰው ሲያርፍ ጥሩንባ ነፊው መዝገቡን አይቶ ይወጣል፤ ድንኳኑም፣ አግዳሚውም፣ ለቀስተኛውም ጥሩንባው ወደ ጠራበት ነው የሚሄደው። አንዲት አባል ወደ ቀራኒዮ ቤት ቀየሩ። አድራሻቸውን ለማስመዝገብ ልጃቸውን ላኩት። ጸሐፊው አሞት ተኝቷል፤ 'እዚያው ጻፈው' ብሎ መዝገቡን ከነብዕሩ ለልጁ ሰጠው።

ልጁ ጨዋ ነው። የእናቱን ቤት በጥንቃቄ ጻፈ። ከዚያ ከበላዩ ያለው መስመር ደብዝዞ ቢያይ አሳዘነውና ሊያደምቀው ሞከረ። 114 የነበረው 174 ሆነ።

ያ መስመር ብቻቸውን የሚኖሩ የአንድ ሽማግሌ ነበር። በክረምት ሌሊት አረፉ። ጥሩንባው ተነፋ፤ ሰው በጭቃ ድንኳን ተሸክሞ ሄደና በሕይወት ያለ ሰው ደጅ ካስማ መትከል ጀመረ። ስሕተቱ እንደታወቀ መዝገቡ ታረመ፤ ነገር ግን ጥሩንባውን የሰማ ሁሉ በጆሮው የያዘውን ይዞ እስከ ረፋድ ወደዚያው ይጎርፍ ነበር። በሽማግሌው አስከሬን አጠገብ አንዲት ጎረቤት ብቻ ተቀምጣ አነጋች።"

"ልጁስ?" አልሁ።

"ልጁማ ከዚያ ወዲህ ጥሩንባ ሲሰማ ከቤት አይወጣም። የጠየቀው አንድ መስመር ነበር፤ ያልጠየቀውን ሁሉ ያሸከመው ጸሐፊው ነው።"

ሰርቨሩን ዞሬ አየሁት። የእኛንም ስም አንዴ ጠይቆ የሄደ ሌላ ሰርቨር መልሱን በጆሮው ይዞ ይቆያል፤ እኛ የወሰንነው 86,400 ሴኮንድ፣ ማለትም ሙሉ ቀን ነው። መሳሳት ደግሞ ቀላል ነው። መስመሮቻችን በተጻፉበት የዞን ፋይል ውስጥ በሙሉ ስም መጨረሻ ላይ አንዲት ነጥብ ብትዘነጋ፣ ሰርቨሩ የዞኑን ስም ደግሞ ይቀጥልበትና ኢሜይላችን የሌለ ቤት ሲያንኳኳ ይውላል። ድሮ የኢንተርኔት ስሞች ሁሉ በአንድ ፋይል ተጽፈው በአንድ ተቋም ይጠበቁ ነበር። ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 እ.ኤ.አ. የዲኤንኤስን ሥርዓት ሲቀርጽ መዝገቡ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ዞን ለባለቤቱ እንዲሰጥ አደረገ። ጋሼ ያንኑ ክፍፍል እስከ እኔ ጠረጴዛ ድረስ አወረዱት።

ለእኔ ብቻ የሚሆን ቁልፍ ፈጠሩ። የዲኤንኤስ ሶፍትዌራችን በሆነው በባይንድ ማዋቀሪያ ፋይል ላይ ቁልፉ የሚነካውን አንድ ስም፣ የሚጽፈውንም አንድ ዓይነት መስመር፣ ቲኤክስቲን ብቻ፣ ወሰኑ። የማረጋገጫ መስመሬን ጻፍሁ፤ ተቀበለኝ።

"አሁን የኢሜይሉን መስመር ቀይር" አሉኝ።

እጄ ተንቀጠቀጠ።

"ቀይረው እንጂ!"

ጻፍሁ። ሰርቨሩ "ሪፊውዝድ"፣ ማለትም አልተፈቀደም፣ ብሎ መለሰልኝ። አላመንሁም፤ ደግሜ ጻፍሁ፤ አሁንም "ሪፊውዝድ"። ሦስተኛውን የሞከርሁት ደስ ስላለኝ ነው።