ሳይታመሙ መክፈል

አዝመራው ከአውድማ ገብቶ ገበያው ሞቅ በሚልበት ወራት የጤና መድህን መዋጮ ሰብሳቢዎች በየቀበሌው ይዞራሉ። ያን ጊዜ ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም አልፎ በአማራ ክልል ገጠር ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አያልፍም። «ባለፈው ዓመት ከፍዬ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከቤቴ ማንም አልታመመም፤ ታዲያ ገንዘቤ የት ገባ? ዘንድሮስ ስለ ምን እከፍላለሁ?» ይህን ጥያቄ የስስታም ሰው ነገር ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ የፍትሕ ጥያቄ ነውና። ሳይታመሙ መክፈል ግዴታ ነውን? ግዴታ ከሆነስ በማን ላይ፣ እስከ ምን ድረስ?

ነገሩን ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆሞ ለሚያየው ሰው ይበልጥ ግልጽ ይሆንለታል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ሰሜን በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራው መንገድ ገደሉን እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። ደጋው የሳንባ ምችን፣ ቆላው ወባን ያውቃል። በጎንደር የሚገኘው ትልቁ ሆስፒታል ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መኪና ከማይደርስበት መንደር ሰው በጠና ሲታመም ጎረቤት ቃሬዛ አበጅቶ፣ ትከሻ እየተቀያየረ፣ ሌሊቱንም ቢሆን ተሸክሞ ያወርደዋል። ከተሸካሚዎቹ አንዱ «እኔ አምና ማንም አልተሸከመኝምና አልሸከምም» ቢል፣ በአገሬው ዘንድ ስሙ ለብዙ ዘመን ይነሣል። ማንም እንዲህ አይልም።

እንግዲህ ሸክሙ በትከሻ እስከ ሆነ ድረስ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚጀምረው ቃሬዛው ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ወርዶ ሸክሙ ወደ ገንዘብ ሲለወጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የካርዱ፣ የምርመራው፣ የመድኃኒቱ ዋጋ በበሽተኛው ቤተሰብ ላይ ብቻ ይወድቃል። ለ2009 ዓ.ም. በተሠራው አገር አቀፍ የጤና ወጪ ስሌት መሠረት በኢትዮጵያ ለጤና ከዋለው ገንዘብ ወደ ሲሦ የሚጠጋው በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ የወጣ ነበር። በገጠር ይህ ኪስ ማለት ብዙ ጊዜ በሬ ማለት ነው። በሬው ሲሸጥ የታመመው ሰው ይድን ይሆናል፤ ለመጪው ክረምት ግን የሚጠመድ ጥማድ የለም፤ መሬቱ ለሌላ ይሰጣል፤ ልጁም ከትምህርት ቤት ይቀራል። የበሽታው ዋጋ በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ እንዳልሆነ ገበሬ ሁሉ ያውቃል።

ይህን ለማቃለል መንግሥት በ1990 ዓ.ም. የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂ አውጥቶ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የሰበሰቡትን ገንዘብ ለራሳቸው አገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉ፣ እጅግ ድሆች የሆኑትም በነጻ እንዲታከሙ መንገድ ከፈተ። ቀጥሎም በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ፤ ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩበት። ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች ወረዳዎች እየሰፋ ሄደ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፣ መታወቂያ ደብተር ይቀበላል፣ ሲታመምም በውል በታሰሩት ጤና ተቋማት በቦታው ገንዘብ ሳይከፍል ይታከማል። በአጀማመሩ የፌዴራሉ መንግሥት ከአባላት በተሰበሰበው መዋጮ ላይ ሩቡን ያህል ይጨምር ነበር።

(መድኅን የሚለው ቃል «ድኅነ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የተገኘ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ስንሰማው የኖርነውን ስም የወረዳ ማኅተም ሲይዘው ማየት ለአንዳንድ አረጋውያን እንግዳ ሆኖባቸው እንደ ነበር እናስታውሳለን።)

ወደ ጥያቄው እንመለስ። «አልታመምሁምና ገንዘቤ ጠፋ» የሚለው ሰው ያው ራሱ የእድር አባል ነው። ለእድር በየወሩ ይከፍላል። ዓመቱ ሲያልቅ «ከቤቴ ሰው አልሞተምና ገንዘቤ ይመለስ» ብሎ አያውቅም፤ እንዲህ ብሎ ማሰቡ ራሱ ያሳፍረዋል። በእድር የከፈለው ገንዘብ ከንቱ አልሆነም፤ የጎረቤቱን ሬሳ አስቀብሯል፤ ለእርሱም ቀኑ ሲደርስ ብቻውን እንደማይቀር ዓመቱን ሙሉ አረጋግጦለታል። ለሞተው ሰው እንዲህ የምንዋጣ ሕዝብ፣ ገና ሊድን ለሚችለው ሰው መዋጣት እንዴት ከበደን? እኛ እንደሚመስለን ምክንያቱ ልባችን ስለ ደነደነ አይደለም። እድር ቃሉን ይጠብቃል። ሰው በሞተ ሰዓት ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይመጣል፣ ዳኛው በስሙ ይታወቃል፣ ሒሳቡም በጉባኤ ፊት ይነገራል። የመድህኑ አባል ግን ብዙ ጊዜ ደብተሩን ይዞ ሄዶ ተመርምሮ፣ ማዘዣ ተጽፎለት፣ «መድኃኒቱ እዚህ የለም፤ ከውጭ ግዛ» ይባላል። አንድ ጊዜ ከፍሎ ዳግመኛ ይከፍላል። እንዲህ ያለው ሰው በሚቀጥለው ዓመት አልከፍልም ቢል በምን ቃል እንገሥጸዋለን?

ስለ ደጉ ሳምራዊ በምናስተምርበት ጊዜ ስለ እንግዳ ማረፊያው ባለቤት እምብዛም አንናገርም። ሳምራዊው ቁስለኛውን በአህያው ጭኖ ካመጣ በኋላ ሁለት ዲናር አስቀድሞ ከፈለ፤ ለሚተርፈውም ወጪ ራሱን ዋስ አድርጎ ሄደ። ከዚያ በኋላ የቁስለኛው ሕይወት ያረፈው በማረፊያው ባለቤት ታማኝነት ላይ ነበር። ገንዘቡን ተቀብሎ ዘይቱና ፋሻው አልቋል ቢለው ኖሮ የሳምራዊው ምሕረት መንገድ ላይ በቀረ ነበር። ስለዚህ የመክፈል ግዴታ ከሰጪው በኩል ብቻ የሚቆም አይደለም፤ መዋጮውን የተቀበለ ወረዳ፣ መድኃኒት የሚያቀርበው ድርጅት፣ በመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ባለሙያ ሁሉ የተቀበሉት የሌላውን ሰው በሬ ነው። እርግጥ እጥረቱ ሁሉ ከስንፍና የመጣ አይደለም። የመድኃኒት ዋጋ ሲንር መዋጮው ዝቅ እንዳለ ይቆያል። ከዚህም በላይ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይንና የዳባትን ገጠር በደረሰ ጊዜ፣ በኋላም በክልሉ ብዙ ቦታ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ተጎድተዋል። ይህን ለሕዝቡ በግልጽ መናገርና ሒሳቡን እንደ እድር ዳኛ በአደባባይ ማሳየት ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

በአባሉም በኩል የሚነሣ ነገር አለ። ጤነኛው ሁሉ ቀርቶ የሚከፍለው የታመመው ብቻ ቢሆን፣ ሣጥኑ ከዓመቱ አጋማሽ በፊት ባዶ ይሆናል፤ ቀጥሎ መዋጮው ይጨመራል፤ ጭማሪውን የፈራው ደግሞ ይወጣል። ሕጉ ታማሚዋን አያት ብቻ ለይቶ ማስመዝገብን ከልክሎ ቤተሰቡ በሙሉ ይመዝገብ ያለው ስለዚህ ነው። እንዲሁም አባሉ በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል በሪፈር እንዲላክ የተደነገገው ለማንገላታት ተብሎ አይደለም። በጤና ጣቢያ ሊድን የሚችለው ሁሉ ወደ ጎንደር ቢጎርፍ፣ በእርግጥ ጎንደር የሚያስፈልጋት ምጥ የያዛት እናት ተራ ታጣለች። መርፌ ካልተወጋሁ አልታከምሁም የሚለውን ልማዳችንንም እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። በኪኒን ለሚድን በሽታ መርፌ አስገድዶ ማዘዝ፣ «ከፍዬበታለሁና» በሚል ደብተሩን ያለ ሕመም ማመላለስ፣ ከጎረቤት ድርሻ መውሰድ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል፤ በመድህን ስብሰባ ሁሉ ይህ ተረት ሳይጠቀስ አይቀርም። ተረቱ መልካም ነው። ነገር ግን ለሁሉም እኩል አንዳንድ ሎሚ ያድላል። ሥርዓቱ ሲጀመር መዋጮው እንዲሁ ነበር፤ ባለ ብዙ ከብቱና ባለ አንድ በጉ በአንድ ሚዛን ተቀመጡ። ለአንዱ የአንድ ቀን የገበያ ወጪ የሆነው ገንዘብ ለሌላው የዘር እህል ነው። በሩዋንዳ ተመሳሳይ ሥርዓት ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2011 መዋጮው በቤተሰቡ የኑሮ ደረጃ እንዲለያይ ተደረገ። እኛም ይህን መንገድ ፍትሐዊ ነው እንላለን። የርቀቱም ነገር አለ። በደባርቅ ከተማ ሆስፒታሉን ከደጁ የሚያየውና ከሰሜን ተራሮች ጫፍ ግማሽ ቀን በእግሩ የሚወርደው እኩል ከከፈሉ፣ እኩል ተቀብለዋል ማለት አይቻልም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደን ሌላ ነገር ነው። ደመወዝተኛውን የሚመለከተው የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። ከሠራተኛው ደመወዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪውም ያንኑ ያህል እንዲዋጣ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ሠራተኞች ደመወዛችን አይበቃም፣ አገልግሎቱም አያረካም እያሉ ስለ ተቃወሙ ለብዙ ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። ቅሬታቸው መሠረት የለውም አንልም። ነገር ግን ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበለው ሲያመነታ፣ ዝናብ ጠብቆ የሚኖረው ገበሬ ቀድሞ እንዲዋጣ ተጠየቀ፤ ተዋጣም። ቢስማርክ በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1883 የሕመም መድህንን በሕግ ባስገደደ ጊዜ የጀመረው ከደመወዝተኛው ሠራተኛ ነበር፤ አሠሪውም አንድ ሦስተኛውን እንዲከፍል ታዘዘ።

እንግዲህ ማስገደድ ይገባል ወይስ አይገባም? ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሰላም በጻፉት መልእክት ሕክምና ማግኘትንና በሕመም ጊዜ አለመጣልን ከሰው ልጅ መብቶች ቈጥረዋቸዋል። መብት ካለ ባለ ዕዳ አለ፤ ባለ ዕዳውም ማኅበረሰቡ በሙሉ ነው። ስለዚህ ለባልንጀራ ሕክምና መዋጣት እንደ ፈቃድ ምጽዋት ብቻ አይታይም፤ ሕግ ቢያዝዘው ሕጉ አላጠፋም። ሆኖም ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሳይኖረው፣ መንገዱ ሳይጠረግ፣ ማዳበሪያ ወይም የቀበሌ አገልግሎት በመከልከል መዋጮ ማስከፈል ሌላ ነገር ነው። አገልግሎቱ ባለበት ቦታ ማስገደድ ይቻላል፤ በሌለበት ግን ማስከፈሉ ራሱ በደል ይሆናል። ሁለቱን ሳይለዩ «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» ማለት ቀላል ነው፤ በስብሰባም ብዙ ጊዜ የሚሰማው ይኸው ነው።

በመጨረሻ ስለ «የድሃ ድሃ» አንድ ነገር እንበል። መክፈል የማይችሉት መዋጮ በክልሉና በወረዳው በጀት እንዲሸፈን ተደንግጓል፤ እነማን እንደ ሆኑ የሚለየው ግን በቀበሌ ነው። በጀቱ የተወሰነ ስለ ሆነ ዝርዝሩ ከድሆቹ ቁጥር ያንሳል። ስም ሲጠራ ዘመድ ያለው ይገባል፤ ዝምተኛው ይቀራል። በዚህ ስብሰባ ላይ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ብዙ ጊዜ እንደ አገር ሽማግሌ ተጠርተው ይቀመጣሉ፤ የማንንም ሃይማኖት ሳይለዩ መናገር የሚችሉትም እነርሱ ናቸው። በጉባኤ መካከል ድሃ ተብላ መጠራትን ፈርታ ከስብሰባው የምትቀር መበለት በየመንደሩ አትጠፋም። ስለ እርሷ ሊናገር የሚወድ ሰው ከስብሰባው ቀን በፊት ቤቷ ሄዶ ፈቃዷን ሊጠይቅ ይገባዋል።