ስለታም ቢላ፦ ብክነት ወይስ ኢሕሳን?

ከቤት ዕቃዎች ሁሉ ተራ መስሎ የሚታየን ቢላ ሳይሆን አይቀርም። ሽንኩርት የሚከተፍበት፣ ዳቦ የሚቆረስበት፣ ሥጋ የሚዘለዘልበት፣ በዒድ አል-አድሓም ኡድሒያ የሚታረድበት እርሱ ነው። ስለ ቢላ አንድ ሙስሊም ቤተሰብ ሊመረምረው የሚገባ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ ብንል ብዙዎች ይገረሙ ይሆናል። ጥያቄው ግን አለ። ርካሽ ቢላ በየገበያው ሞልቶ ሳለ፣ የዚያን ዕጥፍ ድርብ ከፍሎ ጥራት ያለው ቢላ መግዛት ቁርኣን ያወገዘው ብክነት ነውን? ወይስ ኢስላም የሚያዘው ኢሕሳን?

ብክነት ነው የሚለው ወገን የሚያቀርበው ማስረጃ ቀላል አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ (17፡26-27) ገንዘባቸውን ያለ አግባብ የሚበትኑ ሰዎችን ከሰይጣናት ጋር በወንድማማችነት አስተሳስሯቸዋል። ጎረቤት በችግር እያደረ ለአንድ ቁራጭ ብረት ብዙ ገንዘብ ማውጣት እንዴት ይታያል? ቢላ የተፈጠረው ለመቁረጥ ነው፤ ርካሹም ይቆርጣል፣ ውዱም ይቆርጣል፤ ታዲያ ትርፉ ክፍያ ከኩራት በቀር ለምን ይውላል? ይላሉ።

በሌላ በኩል፣ ሸዳድ ኢብኑ አውስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም የዘገቡት ታላቅ ሐዲስ አለ። በዚህ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ በማንኛውም ነገር ላይ ኢሕሳንን፣ ማለትም ሥራን አሳምሮ መሥራትን እንደደነገገ ካስተማሩ በኋላ፣ የሚያርድ ሰው አስተራረዱን እንዲያሳምር፣ ስለቱን እንዲስልና እንስሳውን እንዲያሳርፍ አዘዋል። ልብ እንበል! ኢሕሳን ሁሉንም ነገር እንደሚያካትት ከተነገረ በኋላ ለማስረጃ የመጣው ሶላት ወይም ጾም አልነበረም። የመጣው ሰው ችላ ሊለው የሚችለው፣ ተጎጂው መናገር የማይችልበት፣ ማንም የማይመሰክርበት ነገር ነው፤ የቢላ ስለት።

እነዚህን ሁለት ማስረጃዎች እንዴት እናስታርቃቸው? ለዚህ ሁለት ሌሎች ሐዲሶች ይረዱናል። የመጀመሪያውን ራፊዕ ኢብኑ ኸዲጅ (ረ.ዐ.) አስተላልፈውታል፤ ቡኻሪና ሙስሊምም ዘግበውታል። ሶሓቦች በጉዞ ላይ ሳሉ ቢላ እንደሌላቸው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገለጹላቸው። እርሳቸውም ደም የሚያፈስ ነገር ሁሉ፣ የአላህ ስም ከተወሳበት፣ እንደሚበቃ ነገሯቸው፤ ጥርስና ጥፍር ብቻ ሲቀሩ። ጥፍር የተከለከለበት ምክንያት በዚያው ሐዲስ ሲገለጽ የሐበሾች ቢላ ነው መባሉ ለእኛ ለሀገሬው ሰዎች የሚያስደንቅ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ሸሪዓ ለሌለው ሰው በሩን አለመዝጋቱ ነው። የከበረ ቢላ የሐላልነት መስፈርት አይደለም። ስለት ያለው ድንጋይ እንኳ ቢገኝ ይበቃል።

ሁለተኛው ሐዲስ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና በሶሒሕ ሙስሊም የሚገኘው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የኡድሒያ በግ ሊያርዱ ሲዘጋጁ ቢላውን እንድታመጣላቸው፣ ከዚያም በድንጋይ እንድትስለው ዓኢሻን አዘዟት። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ሌላ ቢላ ይገዛ አላሉም፤ ያለውም ይበቃል ብለው እንደነበረ አልተጠቀሙበትም። በቤት የነበረው ቢላ ተሳለ። ኢሕሳኑ ያረፈው በቢላው ዋጋ ላይ ሳይሆን ለስለቱ በተደረገው ጥንቃቄ ላይ ነው።

እንግዲህ ከዚህ የምናገኘው ሚዛን ግልጽ ነው። የሌለው ሰው ባለው ይሥራ፤ ያለው ግን ያለውን ይሳል። ጥራት ያለው ቢላ መግዛት ኢሕሳን የሚሆነው ለስለቱ መልካምነትና ለአገልግሎቱ ርዝመት ሲባል ከተገዛ ነው። ለስም፣ ለማጌጫ ወይም ለቁጥር ብዛት ከተገዛ ግን፣ ዋጋው ትንሽም ቢሆን ወደ ብክነት ያዘነብላል።

ለመሆኑ ጥራት የሚባለው ምንድን ነው? የቢላ ነፍሱ ብረቱ ነው። በብረት ውስጥ ያለው ካርቦን ጥንካሬን ይሰጠዋል፤ ቢያንስ ከመቶ 10.5 እጅ የሚሆን ክሮሚየም ሲጨመርበት ደግሞ ዝገትን ይቋቋማል። ይህን የማይዝግ ብረት እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ ሐሪ ብሪርሊ የተባለ ሰው ከሠራው ወዲህ የዓለም ማዕድ ቤት ሁሉ ተለውጧል። ክሮሚየም የሌለበት የካርቦን ብረት ስለቱ እጅግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሎሚና ቲማቲም ያጠቁሩታል፤ ውኃ ላይ ካደረም ይዝጋል። በጣም ለስላሳ ብረት በቶሎ ይዶለዱማል፤ በጣም ጠንካራው ደግሞ አጥንት ሲነካ ይሸረፋል። ስለዚህ አንዱ ለሁሉ የሚበልጥ ቢላ የለም፤ ለሥራው የሚስማማ ቢላ እንጂ። ገዢ ሊመለከታቸው የሚገቡ ነገሮችም ውስብስብ አይደሉም፦ ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ መዝለቁ፣ እጀታው ሳይነቃነቅ በደንብ መያያዙ፣ በእጅ ሲያዝ ሚዛኑን መጠበቁ፣ የበሰለ ቲማቲም ሳይጨፈልቅ መቁረጡ። ዋጋውም በዘመኑ ልክ መታየት አለበት። አራት እጥፍ ከፍለን የገዛነው ቢላ አሥር ዓመት ካገለገለን፣ በየዓመቱ እየተጣለ ከሚተካው ርካሽ ቢላ ግማሽ በታች ወጪ ነው።

ሌላው የዘመናችን ፈተና የቢላ ስብስብ የሚሉት ነው። አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት ቢላ በአንድ የእንጨት ማቆሚያ ተሰክቶ ይሸጣል። ለሠርግ ይበረከታል፤ ከዐረብ ሀገር የተመለሱ እኅቶቻችንም ለቤተሰብ ያመጡታል። ማዕድ ቤት የሚያውቅ ሰው ግን አብዛኛውን ሥራ ሦስት ቢላዎች እንደሚሠሩት ይመሰክራል፦ ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ትልቅ ቢላ፣ ለመላጥና ለጥቃቅን ሥራ የሚሆን አጭር ቢላ፣ ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ። በቤቱ የሚያርድ ሰው አራተኛ ይጨምር፤ ጫፉ በቁስሉ ውስጥ እንዳይቀበር ከአንገቱ ስፋት የረዘመ የዕርድ ካራ። በአሥራ አምስቱ ገንዘብ ሦስት መልካም ቢላዎች መግዛት አይሻልምን?

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የተበረከተው ስብስብ በብፌ መስታወት ውስጥ ተቆልፎ ለእንግዳ ዓይን ሲቀመጥ ነው። እናት በጓዳ እጀታው በጨርቅ በተጠመጠመ ዶልዳማ ቢላ ከሽንኩርት ጋር ትታገላለች፤ የሚያበራው ቢላ ግን ሳሎን ውስጥ ይታያል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሐዲድ (57፡20) የቅርቢቱን ሕይወት ጨዋታ፣ ዛዛታ፣ ጌጥና በመካከላችን መፎካከሪያ ሲል ገልጿታል። በዚያችው ሱራ (57፡25) ደግሞ ብረትን ብርቱ ኃይልና ለሰዎች ጥቅሞች ያሉበት አድርጎ ማውረዱን ይነግረናል። በብፌ የተቆለፈ ቢላ ከጥቅሙ ወጥቶ ወደ መፎካከሪያው የተዛወረ ብረት ነው።

ጥሩ ቢላ ያለው ሰው ንብረት ብቻ አይደለም ያለው፤ ሐቅም አለበት። የመጀመሪያው የእንስሳው ሐቅ ነው። በዒድ ቀን በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ ያርዳል የሚባለው ሰው የሽንኩርቱን ቢላ አንሥቶ ይወጣል። ፉቀሃእ በዝርዝሩ ቢለያዩም የዕርድ ዓላማው የመተንፈሻና የምግብ ቧንቧዎችን ከአንገት የደም ሥሮች ጋር በፍጥነት መቁረጥ ነው። ዶልዳማ ቢላ አይቆርጥም፤ ይፈገፍጋል። ሐላል የሆነው ሥጋ በጭካኔ መንገድ ወደ ማዕዳችን ይመጣል ማለት ነው። ስለቱ የሚሳለውም አስቀድሞ፣ እንስሳው በማያይበት ስፍራ ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ዘገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በግ አጋድሞ ዓይኗ እያየ ቢላውን ይስል የነበረን ሰው፣ ድርጊቱ ሁለት ጊዜ መግደል እንደሆነ ነግረው ገሥጸውታል። ይህን ሐቅ ለመወጣት ውድ ቢላ አያስፈልግም፤ በዋዜማው ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በውኃ የራሰ የመሳያ ድንጋይ ላይ ቢላውን በ15 እና በ20 ዲግሪ መካከል አጋድሞ ሁለቱንም ጎን እኩል መሳል ነው። ሻካራ ሞረድ ግን ብረቱን ይበላዋል።

ሁለተኛው የቤተሰቡ ሐቅ ነው። ብዙ ሰዎች ስለታም ቢላ አደገኛ፣ ዶልዳማው ሰላማዊ ይመስላቸዋል። እውነቱ ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል። ዶልዳማ ቢላ ኃይል ይጠይቃል፤ በኃይል የተገፋ ቢላ ይንሸራተታል፤ የሚያርፈውም ጣት ላይ ነው። ስለታሙም ቢሆን ሥርዓት ይሻል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰይፍ ከአፎቱ ወጥቶ ከእጅ ወደ እጅ እንዳይተላለፍ መከልከላቸውን፣ በመስጊድና በገበያ ቀስት ይዞ የሚያልፍ ሰውም ማንንም እንዳይጎዳ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ ማዘዛቸውን ሐዲሶች ያስተምሩናል። በጦር መሣሪያ ላይ ይህ ከታዘዘ፣ በቤታችን ውስጥ ቢላን በእጀታው በኩል ማቀበል፣ የታጠበ ዕቃ በሞላበት ሳፋ ውስጥ አለመደበቅ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ማስቀመጥ የዚሁ አደብ ክፍል አይደለምን?

ሦስተኛውና ይበልጥ የዘነጋነው የሠሪው ሐቅ ነው። በሀገራችን ማረሻና ማጭድ፣ መጥረቢያና ቢላ የሚሠራው ሰው ለዘመናት ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ሲናቅ፣ በጋብቻ ሲገለል ኖሯል። ሙስሊሙም ከዚህ በሽታ ፍጹም ነጻ ነበር ማለት አይቻልም። በእጁ የሠራውን ቢላ ይዘን ቢስሚላህ እያልን እናርዳለን፤ እርሱን ግን ከማዕዳችን እናርቃለን! አላህ ግን ብረትን ያገራው ለነቢይ ነው፤ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ጥሩር እንዲሠሩና ሰንሰለቱን እንዲመጥኑ መታዘዛቸው በሱረት ሰበእ (34፡10-11) ተነግሯል። ከቀደምት ሙስሊሞች አንዱ የሆኑት ኸባብ ኢብኑል አረት (ረ.ዐ.) የመካ ብረት ሠሪ ነበሩ። አል-ዓስ ኢብኑ ዋኢል ሙሐመድን ካልካድክ አልከፍልህም ብሎ የሥራ ዋጋቸውን በከለከላቸው ጊዜ የሱረት መርየም አንቀጾች (19፡77-80) ወርደዋል። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም የጠባውም በአቡ ሰይፍ ቤት ነው፤ አቡ ሰይፍ ብረት ሠሪ ነበር። ረሱል ልጃቸውን ለማየት ሲሄዱ የሚገቡት ጭስ ወደሞላበት ቤት ነበር። ስለዚህ የባለ እጁን ዋጋ ሳያጓድሉ መክፈልና ክብሩን መጠበቅ ከቢላው ጋር የምንገዛው አማና ነው። ነጋዴም ቢሆን ተራውን ብረት በታዋቂ ከተማ ስም አስመስሎ ቢሸጥ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አታላይ ከእኛ አይደለም ካሉት ውስጥ ራሱን አስገብቷል።

አራተኛው የጎረቤት ሐቅ ነው። የሱረቱል ማዑን መጨረሻ (107፡7) ትንንሽ መገልገያዎችን የሚከለክሉ ሰዎችን ይነቅፋል። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ይህ በነቢዩ ዘመን ባልዲና ድስት ማዋስ እንደነበረ መግለጻቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ጥሩ ቢላ ያለው ሰው እዚህ ላይ ይፈተናል። ተራ ቢላ ማዋስ ቀላል ነው፤ የሳሳንለትን ማዋስ ግን ልብን ያስጨንቃል። ተዋሹም ግዴታ አለበት፤ አጥንት ሳይሰብርበት፣ ድንጋይ ላይ ሳይከትፍበት፣ አጥቦና አድርቆ ሊመልሰው ይገባል። ንብረት የጎረቤትን ፊት የሚያጠቁርብን ከሆነ፣ እኛ ቢላውን ሳይሆን ቢላው እኛን ይዞናል።

ዐምር ኢብኑ ኡመያ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የበግ ወርች ሥጋ በቢላ እየቆረጡ ሲበሉ የሶላት ጥሪ ደረሰ፤ ወዲያው ቢላውን ጥለው ለሶላት ተነሡ። የሙእሚን ንብረት እንዲህ ነው። ሲያዝ በሚገባ ያገለግላል፤ ጥሪ ሲመጣ ያለ ጭንቀት ይቀመጣል። እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ አዲስ ቢላ ለመግዛት ወደ ገበያ ከመውጣትህ በፊት በጓዳህ ያለውን አውጥተህ በድንጋይ ሳለው። ብረቱ ስለት የሚቀበል ከሆነ ገንዘብህ ተርፎልሃል፤ ለተቸገረ ጎረቤትህም መንገድ ተከፍቷል። የማይቀበል ከሆነም፣ እንደ አቅምህ መልካሙን ስትገዛ እጅህ አይፈር፤ ሐቁን ለመወጣት ግን ነይት። አላህ በሥራችን ሁሉ ኢሕሳንን ከሚያሳምሩት ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።