ዘመኑን ለምታሳስቱ ነጋዴዎች

እናንተ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ደጅ፣ ለገና በመጣው ተሳላሚ መካከል አሮጌ ገንዘብ ዘርግታችሁ የምትሸጡ፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገርም በፕላስቲክ የታሸገ ሳንቲም የምትለዋወጡ፣ ስሙ! ሳንቲሙ የሚናገረው ሌላ፣ አብሮት የታሸገው ወረቀት የሚናገረው ሌላ መሆኑን አይታችሁ ዝም ብላችሁ ዋጋ ትቀበላላችሁ። ይህ ሌብነት ነው።

ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የተባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ሳንቲሙን መርምረው ከ1 እስከ 70 ደረጃ ይሰጡታል፤ አሽገውም ስሙንና ዘመኑን አብሮት በሚታሸገው ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ጸሐፊው ግን ሰው ነውና ይሳሳታል፤ የግዕዝ ቁጥርና የእኛ አቆጣጠር እንግዳ ሲሆኑበት ደግሞ ይብስበታል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሳንቲም ገልብጣችሁ እዩት፤ ፲፱፻፴፮ ይላል። ይህ የእኛው 1936 ነው፤ በፈረንጅ 1943 እና 1944 ላይ ይውላል። ቁጥሩን እንደ ፈረንጅ ዓመት የጻፈ ሰው፣ ነፃ የወጣች አገር ያስመታችውን ገንዘብ ፋሺስት አዲስ አበባ በገባበት ዓመት ላይ ይጥለዋል። ፲፰፻፹፱ የሚለው የምኒልክ ብርም ከዓድዋ ድል በኋላ በፓሪስ የተመታ ነው፤ በፈረንጅ ካነበቡት ግን ወደ ውጫሌ ውል ዓመት ይመለሳል። አባቶቻችን በደም ያገኙት ቀን ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል፤ እናንተም ይህን እያወቃችሁ ትሸጣላችሁ!

«ስህተቱ የድርጅቱ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ?» ትላላችሁ። አንብበህ ካወቅህ በኋላ ግን ስህተቱ ያንተ ሆነ። ድርጅቶቹ ግልጽ የጽሕፈት ስህተት በዋስትናቸው እንደማይካስ በደንባቸው አስፍረዋል፤ ስለዚህ ዕዳው የሚወድቀው አምኖህ በገዛው ሰው ላይ ነው። ግዕዙን ማንበብ የማይችለው ፈረንጅ ቢሳሳት ምክንያት አለው። አንተ ዳዊት እየደገምህ ያደግህ የአገሬ ልጅ፣ ምን ምክንያት አለህ?

የላሊበላዎቹ ኃጢአት ደግሞ ይከፋል። የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር «የ1780 ነው» እያላችሁ ትምላላችሁ። ይህ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ብሩ ግን ያንኑ ቁጥር እንደያዘ እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት ድረስ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ተመትቷል። «የላሊበላ ዘመን ገንዘብ» የሚል ወረቀት የምትለጥፉስ? የዛጉዬ ነገሥታት በስማቸው ያስመቱት ገንዘብ አይታወቅም። በቅዱሱ ንጉሥ ስም፣ በራሱ ደጅ ላይ ትዋሻላችሁ!

ንስሐ ግቡ። ለካህን መናገር ብቻ አይበቃም፤ የተወሰደው ይመለስ። የተሳሳተ ወረቀት ያለበትን ሳንቲም ከገበያ አውጡና እንዲታረም ወደ ድርጅቱ ላኩ። እስኪታረም ድረስ ስህተቱን ለገዢው ቀድማችሁ ንገሩ። የሸጣችሁለትን ሰው ካወቃችሁት ፈልጋችሁ እውነቱን ንገሩት፤ ገንዘቤን ካለ ስጡት። ይህን ሳትፈጽሙ ለገና በቤተ ማርያም ደጅ ቆማችሁ አትዘምሩ።