ለአክሽን ካሜራ ባለቤቶች፤ ፈርምዌርን በጊዜውና በወጉ ስለማዘመን

አክሽን ካሜራ በራስ ቁር፣ በደረት ማሰሪያ፣ በሞተር ሳይክል መሪ ወይም በመኪና መስታወት ላይ ተገጥሞ እንቅስቃሴን የሚቀርጽ፣ ውኃና ንዝረት የሚችል አነስተኛ መሣሪያ ሲሆን፣ ከገዢዎቹ ብዙዎቹ በውስጡ ያለው ፕሮግራም ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ መቅረት እንደሌለበት ልብ ሳይሉ ዓመታት ያሳልፋሉ። ልብ የሚሉትም ቢሆኑ ነገሩ ትዝ የሚላቸው ወይ ካሜራው «ስታክ» ማድረግ ሲጀምር ነው፣ ወይ ደግሞ ነገ ለሚቀረጽ ዝግጅት ዛሬ ማታ ዕቃቸውን ሲያሰናዱ ነው። ሁለቱም ልማዶች ሊታረሙ ይገባል፤ ይሁንና የሁለተኛው ጉዳት ይከፋል። ፈጽሞ የማያዘምነው ሰው ቢያንስ ጠባዩን የሚያውቀውን ካሜራ ይዞ ሲወጣ፣ በዋዜማው የሚያዘምነው ግን ገና ያልፈተነውን ካሜራ ይዞ ሊደገም ወደማይችል ዝግጅት ይሄዳልና።

ፈርምዌር የሚባለው በመሣሪያው ውስጥ ተጽፎ የሚኖርና የመሣሪያውን አካላት የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ምን ያህል ብርሃን እንዲሰበስብ፣ ምስሉ እንዴት ተጨምቆ በሚሞሪ ካርዱ ላይ እንዲጻፍ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ በምን ስሌት እንዲስተካከል፣ ሙቀቱ ሲበዛ ካሜራው መቼ ራሱን እንዲያጠፋ የሚወስነው ይኸው ፕሮግራም በመሆኑ፣ አንድ ዓይነት ካሜራ የገዙ ሁለት ሰዎች አንዱ አዘምኖ ሌላው ሳያዘምን ቢቀር በእጃቸው ያለው ዕቃ በመልክ አንድ ሆኖ በሥራ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ የሚቀመጠው ፍላሽ ሚሞሪ በሚባለው፣ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የተጻፈበትን በማይረሳ ማከማቻ ላይ ነው። የቶሺባ ኩባንያ መሐንዲስ የነበሩት ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የፈለሰፉት ይህ ማከማቻ አዲስ ነገር ከመጻፉ በፊት የቀድሞውን በክፍል በክፍል መደምሰስ ይፈልጋል። በማዘመን ላይ ሳለ ኃይል የተቋረጠበት ካሜራ የሚሞተውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አሮጌው ተደምስሶ አዲሱ ሳያልቅ መካከል ላይ የቀረ መሣሪያ ለመነሳት የሚያነበው ሙሉ ትእዛዝ አይኖረውም። አንዳንድ አምራቾች ከዚህ አደጋ የሚያወጣ፣ በማዘመን ጊዜ የማይነካ ትንሽ የማስነሻ ፕሮግራም ለብቻው ያስቀምጣሉ፤ ሆኖም በእርሱ ተማምኖ መዘናጋት አይገባም።

የማዘመኑ ጥቅም ስሕተት ከማረም ይሰፋል። ጎፕሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ለገበያ ያቀረበው ሂሮ 8 ሲወጣ የኮምፒውተር የስብሰባ ካሜራ ሆኖ ማገልገል አይችልም ነበር፤ ወረርሽኙ ሰዉን ሁሉ ቤት ባዋለበት በ2020 ግን ባለቤቶቹ በፈርምዌር ማዘመኛና በኮምፒውተር ላይ በሚጫን አነስተኛ ፕሮግራም አማካይነት ይህን አገልግሎት ያለ ተጨማሪ ክፍያ አገኙ። በ2021 የወጣው ሂሮ 10 ደግሞ 5.3ኬ የሚባለውን ከፍተኛ ጥራት ሲቀርጽ ቶሎ ስለሚሞቅና ባትሪውን ስለሚጨርስ፣ ኩባንያው በዚያው ዓመት ባወጣው ማዘመኛ ተጠቃሚው ከጥራትና ከቀረጻ ርዝመት አንዱን እንዲያስቀድም፣ በትሪፖድ ላይ ቆሞ ለሚቀርጽ ካሜራም የተለየ አሠራር እንዲመርጥ አድርጓል። ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚበልጥበት በዳሎል ጎብኚዎችን እየመራ ለሚቀርጽ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ካሜራው በመንገድ ላይ ሞቆ ጠፋ ብሎ ከማማረሩ በፊት ይህ ምርጫ በእጁ ባለው ካሜራ ላይ መኖር አለመኖሩን ሊያጣራ ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን የካርማ ጉዳይ ነው። ካርማ የጎፕሮን ካሜራ ተሸክሞ እንዲበር ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ድሮን ሲሆን፣ ኩባንያው በጥር 2018 ከድሮን ገበያ መውጣቱን ካስታወቀ በኋላ ምርቱ ተቋርጧል። 2020 እንደ ገባ ግን በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የካርማ ባለቤቶች ድሮናቸው ከሳተላይት የሚመጣውን የጂፒኤስ መልእክት መቀበልም ኮምፓሱን ማስተካከልም እንዳልቻለ፣ ስለዚህም ከመሬት አልነሳ እንዳለ ተናገሩ። ዕቃው አልተሰበረም፣ አልወደቀም፣ ውኃም አልነካውም፤ እንከኑ በፕሮግራሙ ውስጥ ነበር። ኩባንያው ሥራውን ከተወ ሁለት ዓመት ያለፈው ቢሆንም በዚያው በጥር ወር ማስተካከያ ፈርምዌር አወጣ፤ ማዘመኛ መኖሩን ያወቀና የጫነ ሁሉ ድሮኑን መልሶ ማብረር ቻለ። ያላወቀው ሰው ግን ጤነኛ ድሮኑን እንደ ተበላሸ ቆጥሮ በርካሽ ሊሸጠው ወይም መደርደሪያ ላይ ሊያስቀምጠው ይችል ነበር። አንድ ካሜራ በድንገት ሲያስቸግር ወደ ጥገና ቤት ከመውሰድ አስቀድሞ በአምራቹ ገጽ ላይ ለዚያ ሞዴል የወጣ ማዘመኛ መኖሩን መመልከት ብዙ ወጪ ያድናል።

«የሚሠራን ነገር መነካካት ምን ይረባል?» የሚሉ ሰዎች ሐሳባቸው መሠረት የለውም ማለት ግን አይደለም። አዲስ ማዘመኛ አሮጌ ስሕተት አጥፍቶ አዲስ ስሕተት ይዞ መምጣቱ ያጋጥማል፤ ወደ ቀድሞው ስሪት መመለስ የማይፈቅዱ ካሜራዎችም አሉ። ስለዚህ በወጣበት ቀን ተሽቀዳድሞ መጫን አይመከርም። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ አምራቹ ከማዘመኛው ጋር የሚያወጣውን የለውጦች መግለጫ አንብቦ፣ ከአንድ በላይ ካሜራ ያለው ሰው ደግሞ በመጀመሪያ በአንዱ ሞክሮ መወሰን ይበጃል። መግለጫው ደኅንነትን ወይም የፋይል መበላሸትን የሚመለከት እርማት ካለው ግን መዘግየት አይገባም።

ጊዜውን በተመለከተ ሠርግና ክብረ በዓል የሚቀርጹ ባለሙያዎች የአገሩ የበዓል አቆጣጠር ራሱ አመቺ ወቅት ያዘጋጅላቸዋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ሠርግ ስለማይደገስ፣ በረመዳንም የሙስሊሙ ሠርግ ስለሚቀዘቅዝ፣ ካሜራን ለማዘመንና ተረጋግቶ ለመፈተን ከእነዚህ ሳምንታት የተሻለ ጊዜ አይገኝም። በጥምቀት ሰሞንና በጥር ሠርግ መካከል፣ ወይም ከትንሣኤ ማግስት ሠርጉ በሚደራረብበት ወቅት ማዘመን ግን ድፍረት ነው።

አዘገጃጀቱ የሚጀምረው ካሜራው ያለበትን ስሪት ከማወቅ ነው። ይህ ቁጥር በካሜራው የምርጫ ገጽ ውስጥ ስለ መሣሪያው መረጃ በሚሰጠው ክፍል ይገኛል፤ በጎፕሮ ካሜራዎች ደግሞ ካርዱ በኮምፒውተር ሲከፈት «ሚስክ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ «ቨርዥን» የተሰኘ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ስለሚገኝ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው በነጥብ የተለያዩት ቁጥሮች ስሪቱን ያሳያሉ። በዚያው ፋይል ውስጥ የካሜራው መለያ ቁጥር አብሮ ስላለ ፋይሉን ለማያውቁት ሰው መላክ አይገባም። ቀጥሎ በካርዱ ላይ ያለው ቀረጻ ሁሉ ወደ ሌላ ማከማቻ መገልበጥና ተከፍቶ መታየት አለበት። ካርዱን በካሜራው ውስጥ ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም ይዘቱን አጥፍቶ ለአዲስ ጽሑፍ ማሰናዳት፣ የሚቻለው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

ማዘመኑ በሁለት መንገድ ይከናወናል። አንደኛው ካሜራውን ከስልክ ጋር አገናኝቶ በአምራቹ አፕ፣ ለምሳሌ በጎፕሮ ኩዊክ ወይም በዲጄአይ ሚሞ፣ አማካይነት ነው። ሁለተኛው ፋይሉን በኮምፒውተር አውርዶ በካርዱ ላይ በመጫን ሲሆን፣ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህኛው ይመረጣል፤ ምክንያቱም የማውረዱና የማዘመኑ ሥራ ስለሚለያይ፣ መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩ ቢቋረጥ የሚበላሸው የወረደው ፋይል ብቻ ነው፤ እርሱንም እንደገና ማውረድ ይቻላል። በጎፕሮ ካሜራዎች የወረደው የታመቀ ፋይል ሲፈታ «አፕዴት» የሚባል ፎልደር ይገኛል፤ ይህ ፎልደር እንዳለ በካርዱ ላይ በግልጽ መቀመጥ እንጂ በሌላ ፎልደር ውስጥ መግባት የለበትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፋይሉ ሲፈታ አንዳንድ ጊዜ በፎልደር ውስጥ ፎልደር ስለሚፈጠር ካሜራው ማዘመኛውን ሳያገኝ እንደ ወትሮው ይነሳል፤ ባለቤቱም ማዘመኛው የተበላሸ ይመስለዋል።

ባትሪው ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ካርዱ ከገባ በኋላ ካሜራው ሲበራ የማዘመን ምልክት ይታያል፤ ከዚያም መሣሪያው ድምፅ እያሰማ ደጋግሞ ሊጠፋና ሊበራ፣ ስክሪኑም ለጥቂት ጊዜ ጨልሞ ሊቆይ ይችላል። ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ሰዓት ነው። ስክሪኑ ጨለመ ብሎ ባትሪውን የሚያወጣ፣ ቁልፉን ተጭኖ የሚይዝ ወይም ካርዱን የሚስብ ሰው ጤነኛውን ሥራ በገዛ እጁ ያቋርጣል። የመጠናቀቁ ምልክት እስኪታይ ድረስ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እጅን መሰብሰብ እንጂ ሌላ ዘዴ የለም።

ከዚያ በኋላም ሥራው አላለቀም፤ ብዙዎች ግን እዚህ ላይ ያቆማሉ። በማዘመን ጊዜ ቀንና ሰዓቱ ሊዛባ፣ የተመረጠው የምስል ጥራትና ፍጥነት ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ ሊመለስ፣ ከስልክ ጋር ያለው ግንኙነትም እንደገና መመሥረት ሊያስፈልገው ይችላል። ካሜራው ቀኑን የሚቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሆነ፣ በኢትዮጵያ ሰዓት የሚሞላው ሰው በስድስት ሰዓት የተዛባ ፋይል ያገኛል፤ ሦስትና አራት ካሜራ ባለበት ሠርግ ላይ ኤዲተሩ ቀረጻዎቹን ለማገጣጠም የሚቸገርበት አንዱ ምክንያት ይህን የመሰለ ግድየለሽነት ነው። ስለዚህ ከማዘመኑ በኋላ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ምርጫዎቹን መፈተሽ፣ ከዚያም በሥራ ላይ በሚያገለግለው ጥራት ባትሪው እስኪያልቅ መቅረጽና ፋይሉን በኮምፒውተር ከዳር እስከ ዳር መመልከት ያስፈልጋል። የአንድ ደቂቃ ሙከራ ስለ ሙቀትም ሆነ ስለ ካርድ የሚነግረው ነገር የለም።

የማዘመኛውን ምንጭ በተመለከተ ሊደራደሩበት የማይገባ ደንብ አለ፤ ፋይሉ ከአምራቹ ገጽ ወይም ከአምራቹ አፕ ብቻ መወሰድ ይኖርበታል። ወዳጅ በቴሌግራም የላከው ፋይል፣ ወዳጅነቱ እውነተኛ ቢሆንም፣ ለሌላ ሞዴል የተዘጋጀ ወይም ማንነቱ ባልታወቀ ሰው የተነካካ ሊሆን ይችላል። የማዘመኛ ፋይል ምስጢር ሊይዝ እንደሚችልም የታየበት አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የኮምፒውተር ደኅንነት ተመራማሪ፣ የጎፕሮ ካሜራውን የዋይፋይ ይለፍ ቃል የረሳ ሰው ለመቀየር ብሎ ከኩባንያው ገጽ የሚያወርደው ፋይል የካሜራውን የዋይፋይ ስምና ይለፍ ቃል ሳይሸፈን እንደሚይዝ፣ በፋይሉ አድራሻ ላይ ያለውን ቁጥር በመለዋወጥም የሌሎችን ሰዎች ፋይል ማግኘት ይቻል እንደነበር አሳይቷል። ይህን የመሰለ ፋይል ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ከካርዱም ከኮምፒውተሩም መጥፋት እንጂ ከእጅ ወደ እጅ መዞር አልነበረበትም።

ያገለገለ ካሜራ የሚሸጡ ነጋዴዎችም ድርሻ አላቸው። ለገዢ የሚነገረው የባትሪው ብዛትና የመስታወቱ ንጽሕና ብቻ መሆን የለበትም፤ የፈርምዌሩ ስሪትና አምራቹ ለዚያ ሞዴል ማዘመኛ ማውጣቱን ያቆመ መሆን አለመሆኑ አብሮ ሊነገር ይገባል፤ አሮጌ ሞዴሎች አንድ ቀን ማዘመኛ ማግኘት ያቆማሉና። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በዓረብ አገሮች ሆነው ለቤተሰብ ካሜራ የሚልኩ ዘመዶች ደግሞ ዕቃውን እንደ ታሸገ መላክ ክብር ይመስላቸዋል። እንደ ዲጄአይ ኦስሞ አክሽን ያሉ ካሜራዎች ግን በአፕና በኢንተርኔት አማካይነት መከፈት የሚጠይቁ፣ ከተከፈቱም በኋላ ማዘመኛ የሚፈልጉ በመሆናቸው፣ ተቀባዩ በውድ ዳታ ይህን ሁሉ እንዲያወርድ ይገደዳል። ስለዚህ ላኪዎች ማሸጊያውን ከፍተው፣ ካሜራውን አስነስተውና አዘምነው፣ የስሪቱን ቁጥርና የተዘመነበትን ቀን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ከዕቃው ጋር ይላኩት።