ማንን አስፈቅደን እንተክላለን?

መቼም በእኛ አገር ድንኳን ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ሠርግ ወይም ለቅሶ ነው። ድንኳን የሚተከለው ሰው ሊሰበሰብበት ነው። ዕድሩ ያመጣዋል፣ የሠፈሩ ጎረምሳ ይወጥረዋል፣ መንገድ ቢዘጋ እንኳ የሚቆጣ የለም። አሁን አሁን ግን ሌላ ዓይነት ድንኳን መጥቷል፤ በጀርባ የሚታዘል፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ዓላማውም ከሰው ራቅ ማለት የሆነ። የከተማው ሰው ይሄን አዝሎ ተራራ ይወጣል። ነውር የለውም፣ እንዲያውም ደስ ይላል። እኔና ጓደኞቼም እንዲህ ያለ ጉዞ እያቀድን ነው።

ያሰብነው በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል አድርገን ወደ መንዝ ጓሳ ለመሄድ ነው። ዕቅዱ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ቆይቷል፤ ቀን ግን አልቆረጥንለትም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ውጊያ ከተቀሰቀሰ ወዲህ የመንገዱን ሁኔታ ሳያጣሩ መነሳት አይታሰብም። ዝርዝሩ ግን ተሟልቷል። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነውና ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል፤ ስለዚህ ወፍራም የመኝታ ከረጢት። እንጨት ላለመቁረጥ የጋዝ ምድጃ። የእጅ ባትሪ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ መቆፈሪያ፣ ቆሻሻ ይዘን የምንመለስበት ማዳበሪያ። ሁሉም ተጽፏል።

ክርክር የተነሳው አንዱን ሌሊት መንገድ ላይ፣ ከኮረብታዎቹ በአንዱ ላይ ለማደር ስናስብ ነው። «የት እንተክላለን?» አልኩ። አንዱ ጓደኛችን ሳቀብኝ። «ምን ችግር አለው? ባዶ ሜዳ ሞልቷል፣ ያሻን ቦታ እንተክላለና!»

ባዶ ሜዳ! እስቲ ይቺን ቃል ልብ በሉልኝ። ባዶነቷን የወሰነው ማን ነው?

የምንሄድበት ጓሳ ራሱ ለዚህ ጥሩ መልስ አለው። ከሩቅ ለሚያየው ጓሳ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ጅብራ የቆመበት፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚውሉበት ጭው ያለ ሣር ነው። ሣሩ የተረፈው ግን ሰው ስለሌለ አይደለም። ሰው እጁን ስለሰበሰበ ነው። የአካባቢው ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት ነው፤ ሁሉም ይፈልገዋል። ሆኖም ሦስትም አምስትም ዓመት ተከልሎ ይቆያል፤ የመረጧቸው ሰዎች ይጠብቁታል፤ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም በድርሻው ያጭዳል። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ይሄን ሥርዓት ቢያፈርሰውም፣ ማኅበረሰቡ በኋላ በሌላ መልክ ጥበቃውን ቀጥሎበታል። እንግዲህ እኛ «ባዶ» የምንለው ሜዳ የብዙ ሰው ትዕግሥት የተጠራቀመበት ነው። ቤቱ ክዳን እያንጠባጠበበት፣ «ገና አልደረሰም» ብሎ የጠበቀ ሰው አለ።

ሌላውም ኮረብታ እንዲሁ ነው። አንዱ ጥግ ለክረምት የተተወ ግጦሽ ነው፣ አንዱ የመቃብር ቦታ ነው፣ አንዱ የአንዲት ምንጭ ራስጌ ነው። እላይ ተቀምጦ እጅ የታጠበ፣ እታች ቀድታ የምትጠጣውን ሴት አያያትም።

ጓደኛዬ እንዲህ ሲባል የሚመልሰው አያጣም፣ መልሱም ቀላል አይደለም። «እኔኮ ማንንም ላለማስቸገር ብዬ ነው» ይላል። «ምግቤን ይዤ፣ አልጋዬን አዝዬ ነው የምሄደው። ምንም ካልወሰድኩ ምን አስጠየቀኝ?»

እውነት አለው። የድሮው መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸብን መንገደኞች ነን፣ አሳድሩን» ይል ነበር። መልሱም «ቤት የእግዚሔር ነው» ነው። ቆንጆ ባህል ነው፤ የሚወደስበትን ያህል ግን ዋጋው አይነገርለትም። ለእንግዳው የታረደችው ዶሮ ምናልባት ለገበያ ታስባ የነበረችው ናት። እሱ የተኛበት መደብ የልጆቹ ነው። ታዲያ ስንቅና መኝታን ይዞ መሄድ ከድሃ ትከሻ ላይ ሸክም ማንሳት ነው፤ ይሄን አልክድም።

ግን ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል። እንጀራዬን ይዤ መሄድ እችላለሁ። ፈቃድን ግን ከአዲስ አበባ ይዤ መሄድ አልችልም፤ እሷ የምትገኘው እዚያው ቦታው ላይ ነው። የድሮው መንገደኛ ብዙ ይወስድ ነበር፤ ጠይቆ ግን ነው። የእኛ ድንኳን ትንሽ ይወስዳል፤ ያለመጠየቅን ነፃነት ግን ይሰጠናል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ሰው የሰው ደጅ ሳይቆም አገር ለአገር መዞር ሲችል፣ አገሩን እንጂ ሰዉን ማየት ይተዋል።

ደግሞ ገበሬው ስለ ድንኳን ያለው ትዝታ ሌላ ነው። ነገሥታቱ በድንኳን ከተማ ሲዘዋወሩ በነበረበት ዘመን፣ ኮረብታው ላይ ድንኳን ታየ ማለት እህል ተበላ፣ ጫካ ተመነጠረ ማለት ነበር። በዛሬው ጊዜ ደግሞ ማታ ጉብታው ላይ የማያውቀው መብራት ብልጭ ሲል ምን ሊያስብ ይችላል? እኛ ኮከብ እየቆጠርን ሳለ፣ እሱ ልጆቹን ወደ ጓዳ እያስገባ ይሆናል። «ማንንም አላስቸገርንም» የምንለው ይሄኔ ነው።

«እሺ፣ እንጠይቃለን፣ ገንዘብም እንከፍላለን» አለ ጓደኛዬ በመጨረሻ። መክፈል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መክፈል መጠየቅ አይደለም። የመጠየቅ ፈተናው አንድ ነው፦ «አይሆንም» ብንባል መሄጃ አለን? «እሺ» ብቻ እንዲባል ሆኖ የቀረበ ጥያቄ ትእዛዝ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ዕቃችንን አራግፈን «አባባ፣ እዚህ ብንተክል ይከፋዎታል?» ብንል፣ ሰውየው ምን ሊመልሱ ነው? ለመሸበት ሰው እምቢ ማለት በእሳቸው ቤት ነውር ነው። ደግነታቸውን አውቀን ገመድ አድርገን አሰርናቸው ማለት ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ሁለት ነገር ጨምረናል። አንደኛው፣ ማደሪያ ቦታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድረስ፤ ብንከለከል ሳይመሽ ወደ ሌላ እንድንሄድ። ሁለተኛው፣ ዕቃ ከመኪና ከማውረዳችን በፊት ሰው መፈለግ፤ እረኛም ቢሆን፣ አንዲት እናትም ቢሆኑ፣ «ይሄ ሜዳ የማን ነው? ማንን እናስፈቅድ?» ብሎ መጠየቅ። ሁለቱም አይታዘሉም፣ ክብደትም የላቸውም።

ምናልባት «የኔ ነው፣ ትከሉ» ይሉን ይሆናል። ምናልባትም «እዚህ አይሆንም፣ ከብት ያድርበታል፣ እዚያ ማዶ ይሻላችኋል» ይሉናል። እንዲህ ከተባልን ያንን ሌሊት የምንተኛው ባዶ ሜዳ ላይ ሳይሆን ባለቤቱ ባሳየን ቦታ ላይ ነው። እንቅልፉም የሚለይ ይመስለኛል።