ነጭ የተባለው ኑቢያዊ

በ1997 (እ.ኤ.አ.) ከግብጽ የፈለሰ አንድ ኑቢያዊ የአሜሪካን መንግሥት ፍርድ ቤት አቆመ። ክሱ፣ ጥቁር ሆኖ ሳለ ነጭ ተብሎ መመዝገቡን የሚቃወም ነበር። በዚያ አገር ደንብ የሰሜን አፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ተወላጅ ከአውሮፓዊው ጋር በ"ነጭ" ይመደብ ነበርና።

በ1930ው ቆጠራ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከነጭና ከጥቁር የተወለደ ሰው፣ የጥቁሩ ደም የቱንም ያህል ጥቂት ቢሆን፣ "ጥቁር" ተብሎ እንዲጻፍ ቆጣሪዎች ታዘው ነበር። በ2020ው ቅጽ ላይም ግብጻዊው የነጭ፣ ኢትዮጵያዊው የጥቁር ምሳሌ ሆነው ሰፍረዋል። የአንድ ወንዝ ልጆች፣ ባንድ ሰፍ የሚሰግዱ ሰዎች!

ታዲያ ዘር መጠየቁ ጨርሶ ይቅር? እኔ በዚህ አልስማማም። ያልተቆጠረ ወገን በደሉም አይቆጠርም። ሥራ ሲከለከል ዓረብ፣ ሲቆጠር ነጭ የሆነ ሰው አድልዎውን በምን አኃዝ ያስረዳል? ጥያቄዬ ስሙን ማን ያውጣለት የሚል ነው። ባለቤቱ ወይስ መዝገቡ?

በ2024 መንግሥት ለእነዚህ ተወላጆች የተለየ ምድብ ፈቀደ። ዘገየ እንጂ መልካም ነው። ኑቢያዊው ግን የጠየቀው ጥቁር መባልን ነበር።